ለወረቀት ያልተነገረ ነገር

ውድ ዓፊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ደብዳቤ በወረቀት የመጣብሽ ስልክሽ ላይ ስለዘጋሽኝ ነው፤ አልወቅስሽም። ያመጣችልሽ አክስትሽ ጀነት ናት። ስትቀበለኝም ፊቷን አዙራ ነው፤ «ቀዳዳ ብትጥለው የኔ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። አይደለም፣ አልኳት። ብትቀዳጂውም መጨረሻውን ካነበብሽ በኋላ ይሁን። መጨረሻው ላይ ያለው ነገር የኔ ሳይሆን የአያትሽ ነው።

እዚያ ለመድረስ ግን ከመስከረም መጀመር አለብኝ፤ ያለዚያ ራሴን ሳልከስ አልፋለሁ።

ስምንተኛ ክፍል የገባሁባችሁ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቄ፣ ማንንም ሳልፈራ ነበር። ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥን ከልቤ እጠላ ነበር። እኔ ራሴ እዚሁ ከሚሴ ስማር «የባህላዊ ተቋማት ሦስት ጥቅሞች» የሚለውን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ሦስቱን ዛሬም ብትጠይቂኝ እደረድራቸዋለሁ፤ አንዱንም ግን በዓይኑ ያየ መምህር አላጋጠመኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን መጽሐፋችሁን አስዘጋኋችሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ አልመልስም፤ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ» አልኩ።

ሙስዐብ ከኋላ ወንበር፣ «መምህር፣ ታዲያ ደመወዙንም እኛ እንውሰዳ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ሙስዐብ ዝም የሚልበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ግድግዳው ላይ አራት ቃላት ለጠፍኩ፤ ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ ማነጻጸር፣ ድምዳሜ። እያንዳንዳችሁ ከመንደራችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትመጡ አዘዝኩ። አንዱ የቦርከና ውሃ ለምን እንደሚቀንስ ጠየቀ፤ አንዷ የሰንበቴ ገበያ ላይ የአፋር ነጋዴና የደጋ ነጋዴ በምን ቋንቋ እንደሚዋዋሉ። አንቺ ተነስተሽ ቆምሽና፣ «አንድ መንደር ነን፤ መስጊዳችንም አንድ ነው። ለምን ሁለት ቅሬ ሆንን?» አልሽ።

ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አልሰማሁም ነበር። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና፣ ከሌላ አካባቢ ለመጡት ልጆች ላስረዳ ብዬ «ቅሬ ማለት ያው ዕድር ነው» አልኩ።

«አይደለም መምህር» አልሽኝ። «ዕድር መዋጮ ነው። ቅሬ ሰው ነው። የሚቆፍረው፣ ቃሬዛውን የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛው ጋ የሚቀመጠው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሞቶ እንኳን ብቻውን ነው።»

«የላዩ ቅሬ ለኛ ለቆንጆዎቹ ነው፤ የታቹ ለእነሱ» አለ ሙስዐብ።

«አንተ ተገንዘህም አታምር!» አልሽው።

እንዲህ ነበር የጀመርነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተርሽን ይዘሽ ስትዞሪ አየሁሽ። ሽማግሌዎቹ ሸኙሽ። አንዱ «ሰው ስለበዛ ነው» አለሽ፤ አንዱ «ዱሮም ሁለት ነበር»፤ አንዱማ «አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሄደሽ ተማሪ እንጂ እኛን ምን ታስተምሪናለሽ» ብሎ አባረረሽ። ሦስቱንም መልስ ጎን ለጎን ጽፈሽ፣ «የማይገጥሙ መልሶች፤ የሚደብቁት ነገር አለ» ብለሽ ከስር አሰመርሽበት። ያን ገጽ ለመምህራን ሁሉ አሳይቻለሁ። በኩራት።

ከዚያ አንድ ሰኞ ከክፍል ስወጣ መስኮቱ ስር ጠበቅሽኝ። ከንፈርሽ ደርቋል።

«መምህር፣ አባባ ነገሩኝ፤ አያቴ።»

«ጎበዝ! ጻፊዋ።»

«ጽፌዋለሁ። ግን ስሜ አይጻፍ ብለውኛል። ‹ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ የነገርኩሽ ላንቺ ነው፤ ለወረቀት አይደለም› ነው ያሉኝ።»

ይህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ ዓፊያ። አልረሳሁትም። የረሳሁት ነበር ብል ይህን ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

ወረቀትሽን ተቀብዬ አነበብኩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከቦርከና በሚወጣው ቦይ የውሃ ተራ ጠብ ተነስቶ፣ የላይ መንደሩ ሰው የታች መንደሩን ሰው ገደለ። ሽማግሌዎች ገብተው ደሙ ደረቀ። ሁለቱ ወገኖች አንድ መቃብር አፋፍ ላይ እንዳይተያዩ ሲባል ቅሬው ሁለት ሆነ። ዳግም ስሙን የሚያነሳ፣ ለልጁም የሚያወርስ ሰው ከቅሬው ይውጣ ተብሎ ቁርአን ተይዞ ተማለ። አያትሽ ከማሉት አንዱ ነበሩ። የገዳዩና የሟቹ ስም ወረቀቱ ላይ ነበር። «ምንጭ» በሚለው ቦታ ባዶ ነበር።

«ምንጭ የሌለው መረጃ ወሬ ነው» አልኩሽ።

«አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ብዬ ልጻፈው?»

«ሽማግሌ ስንት አለ? ማን ያረጋግጥልሻል?»

«ማሎ መምህር፣ እባክዎ...»

«ዓፊያ፣ እንደዚህ ደክመሽ እዚህ ላይ ልታበላሺው ነው?»

በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭ?» ብዬ ጻፍኩና ከሃያው አሥራ አራት ሰጠሁሽ። ከአንቺ ግማሹን ያህል ያልሠራችው ልጅ የአጎቷን ስም ስለጻፈች ብቻ አሥራ ዘጠኝ አግኝታለች። አንደኛ ለመውጣት ምን ያህል እንደምትተጊ አውቅ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱን ስትመልሺ ባዶው ቦታ ተሞልቷል፤ «ሙሳ፣ የ74 ዓመት ገበሬ»። ጽሑፍሽ እዚያ ላይ ብቻ ተንጋድዶ ነበር። ሃያ ከሃያ ሰጠሁሽ።

አላወቅሁም እንዳልል ተምሬዋለሁ። ሰው ሳይፈቅድ ስሙ አይጻፍም የሚለውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተምሬ፣ ፈተና ላይ መልሼ፣ ሙሉ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ግን በዚያው ሳምንት የተማሪ ሥራ ኤግዚቢሽን ሊኖረን ነበር፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤትም እንግዶች ይመጣሉ። ባዶ ቦታ የሌለበት ሠንጠረዥ አማረኝ። የአያትሽን ቃል ለዚህ ነው የሰጠሁት፤ ለአንድ ያማረ ግድግዳ።

የኤግዚቢሽኑን ቀን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ከኔ በኩል ምን እንደታየኝ ልንገርሽ። ወላጆች ሞልተዋል። ሙስዐብ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ የሁላችሁንም ሥራ እየዞረ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሰው ይስቃል። ያንቺ ጋ ደረሰ። «ጥያቄ፦ በአንድ መንደር ለምን ሁለት ቅሬ?» አለ። «ግኝት፦ በ1977 ዓ.ም...» እያለ ቀጠለና የገዳዩ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያንኑ መስመር ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው። የአያቱ ስም ነበር። በሕይወቱ አግኝቶ ያላያቸው፣ ቤት ውስጥ «ደግ ሰው ነበሩ» ብቻ የሚባሉት አያቱ።

አባቱ ኸይረዲን ከኋላው መጣ። ወረቀቱን አልተመለከተም፤ ከልጁ ፊት ላይ አነበበው መሰለኝ። «ና፣ ወደ ቤት» ብሎ ክንዱን ይዞ ወጣ።

ከዚያ የታች ቅሬው ዳኛ ጋሽ ጀይላን መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። «አያ ሙሳ፣ ይሄ ስም ያንቱ ነው ወይ?» አሉ።

አያትሽ ማንበብ አይችሉም። «ምን ይላል?» አሉ። ጋሽ ጀይላን ቀስ ብለው አነበቡላቸው። አያትሽ አንዴ አንቺን አዩ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ጫማቸውን እያዩ ወጡ።

ከሦስት ቀን በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሳቸው፣ የወላጅ ኮሚቴው፣ ጋሽ ጀይላን፣ ኸይረዲን። ርዕሰ መምህሩ ገና ሳይጠየቁ «እኔ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱን አላውቅም» አሉ። የእቅዴ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከስሩ ፊርማቸውና ማህተሙ አለበት፤ «በጣም የሚበረታታ» ብለው በእጃቸው ጽፈውበታል። ደሜ ፈላ። እንዲህ ዓይን አውጥቶ የሚዋሽብኝ ሰው ፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጋሽ ጀይላን ወደኔ ዞሩና በጨዋ ድምፅ ጠየቁኝ፦

«መምህርት፣ አያ ሙሳ ‹ስሜ አይጻፍ› ብለው ነበር የሚል ነገር ከቤታቸው ሰምተናል። እውነት ከሆነ ልጅቷ ደብቃሽ ነው፣ ወይስ አውቀሽ ነው?»

አንቺ በሩ አጠገብ ቆመሽ ነበር።

«አላወቅሁም ነበር» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። ስለተዋሸብኝ እየተቃጠልኩ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ እኔም ዋሸሁ። ርዕሰ መምህሩ የዋሹት ከነሙሉ ሥልጣናቸው ልትቋቋማቸው በምትችል አንዲት መምህርት ላይ ነው። እኔ የዋሸሁት በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ ነው። የማንኛችን እንደሚብስ ልትነግሪኝ አያስፈልግሽም።

ጋሽ ጀይላን ወደ አንቺ ዞሩ። «እውነት ነው?»

አየሽኝ። እንድናገር ጊዜ ሰጠሽኝ፤ አምስት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ «አዎ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልሽ። አልዋሸሽም። ግን እኔን አላጋለጥሽም። እኔም ዓይኔን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁም።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ከክፍል ወጣሁ፤ መጽሐፍ ማከማቻ ክፍል ገብቼ ማህተም መምታት ሆነ ሥራዬ። በዚያ ሰሞን ይግባኝ ጻፍኩ፤ ለወረዳ፣ ለዞን፣ አራት አራት ገጽ። ስለ መምህር ነጻነት፣ ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት፣ ስለ መብቴ። የነዚያን ደብዳቤዎች ቅጂ ትናንት አውጥቼ አነበብኳቸው። ቋንቋቸው ያምራል። ስምሽ አንድም ቦታ የለበትም።

አያትሽ ከቅሬ ወጡ። ሸንጎው ላይ ራሳቸውን አልተከላከሉም አሉ፤ «ተናግሬያለሁ፤ ለልጄ ነው የነገርኩት፣ ግን ተናግሬያለሁ» ብለው ነው የተነሱት። ቤት ውስጥ አንቺን ማናገር እንዳቆሙ ከክፍል ጓደኞችሽ ሰማሁ። ረመዳን ገባ፤ በር ላይ «አያ ሙሳ፣ ኑ አብረን እናፍጥር» የሚል ጎረቤት ጠፋ። አንቺ ጫማሽን አንጠልጥለሽ አክስትሽ ጋ ጨፋ ሮቢት ወረድሽ። ያን ሁሉ ሰምቼ ማህተሜን እመታ ነበር። ይግባኙ መልስ እስኪያገኝ፣ እል ነበር። መልስ ሳገኝ አስተካክለዋለሁ።

ሚያዝያ ላይ ሴት አያትሽ ዙቤይዳ ሞቱ። አላህ ይርሀማቸው።

አንቺ ሴቶቹ ጋ ስለነበርሽ ያላየሽውን ልጻፍልሽ፤ ማወቅ ይገባሻል። ኢማሙ መጥተው ሰገዱባቸው፤ ያንን የሚከለክል ቅሬ የለም። መቃብሩን የቆፈሩት ግን አጎትሽና ከሰንበቴ ያመጣቸው ሁለት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ይፋጅ ነበር። አንደኛው ሠራተኛ ሲደክመው አያትሽ አካፋውን ከእጁ ወሰዱ። በሰባ አራት ዓመታቸው የሚስታቸውን አፈር ራሳቸው አወጡ።

የቅሬው ሰዎች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከማሽላው አጥር ስር ቆመዋል። ሁሉም መጥተዋል። ያለቅሱ ነበር፤ ጋሽ ጀይላን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ግን መንገዱን የተሻገረ የለም። መሐላ ነው። አያትሽ አንዴም ወደዚያ አልዞሩም።

እኔም ከሴቶቹ ተለይቼ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ያ ሁሉ ወንድ መንገዱን ይሻገር ነበር። የዞኑ መልስ በዚያ ሳምንት ይደርሳል ተብዬ ነበር። ዝም አልኩ። ዓፊያ፣ ከሁሉም ይህ ነው የማይለቀኝ። ቢሮ ውስጥ የዋሸሁት ተደናግጬ ነው ብዬ ራሴን ማታለል እችላለሁ። መቃብሩ ላይ አልተደናገጥኩም። አስቤ ነው ዝም ያልኩት።

በነገራችን ላይ የዞኑ መልስ ግማሽ ገጽ ነበር፤ «ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ ይታይ» ይላል።

ያነቃኝ ኅሊናዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። ሙስዐብ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የተዋሰውን መጽሐፍ ሊመልስ መጣ። ከስቷል። ቀልድ የለም። መጽሐፉን አስቀምጦ አልሄደም።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ጠይቅ።»

«የኔ ሥራ ላይ ምንጩን ባዶ ትቼው ነበር፤ እርስዎ ‹ሙላ› ብለው መለሱልኝ። ከክፍላችን የኡሚንም እንደዚያው። የመሪየምንም። ሁለቱንም ጠይቄ ከኔው ጋር አነጻጽሬዋለሁ።» መሬቱን እያየ ነው የሚናገረው። «ስለዚህ ዓፊያም ባዶ ትታው ይሆናል፤ እርስዎም ሙዪ ብለዋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ማስረጃ የለኝም።»

ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ ማነጻጸር። ከናንተ ሁሉ ትምህርቱ የገባው በዚያ ወረቀት ከማንም በላይ የተጎዳው ልጅ ነው። የሚጠላሽ መስሎሽ ከሆነ አይጠላሽም። አንቺን ነጻ ለማውጣት ነው ማስረጃ ሲሰበስብ የከረመው።

«ማስረጃው እኔ ጋ ነው» አልኩት።

ባለፈው ሐሙስ ሁለቱ ቅሬዎች በአንድ ላይ መቀመጣቸውን ሰማሁ። የአያትሽ ነገር እንዴት ይለቅ የሚል ክርክር ተነስቶ ነው፤ መቃብሩን ያዩ ሰዎች እንቅልፍ አጥተዋል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። አያትሽን ከክቡ ወጣ ብለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ሄድኩና መሐል ቆምኩ።

«መምህርት፣ ሴቶቹ የራሳቸው ቅሬ አላቸው፤ ይሄ የወንዶች ሸንጎ ነው» አሉ ጋሽ ጀይላን።

«ሸንጎው የወንዶች ነው፤ ውሸቱ ግን የኔ ነው። ወንድ ወክዬ ልናዘዝ?»

«ምላሷን ስሙልኝ!» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ጋሽ ጀይላን እጃቸውን አነሱ፤ «ትናገር።»

ተናገርኩ። ሰኞ ዕለት መስኮቱ ስር ያልሽኝን፣ እኔ የመለስኩልሽን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ አሥራ አራቱን፣ ቢሮው ውስጥ «አላወቅሁም» ያልኩትን። አልቀባባሁትም።

አያትሽ ጆሯቸው ደከም ብሏል። «ምን አለች?» አሉ።

ጋሽ ጀይላን ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። «አያ ሙሳ፣ ልጅቷ ‹አባባ ስሜ አይጻፍ ብለዋል› ብላ ለመምህሯ ተናግራ ነበር። እምቢ ያለቻት መምህሯ ናት።»

አያትሽ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

ከዚያ ከላይ ቅሬው አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «እንግዲህ ነገሩን እናሳጥር» አሉ። «መምህርት፣ ‹ጥያቄው ከመጀመሪያውም መነሳት አልነበረበትም፤ ልጆችን ወደዚህ መስደዴ ጥፋት ነው› በይ። እኛም ልጆች አታለው አናግረዋቸው ነው ብለን አያ ሙሳን ዛሬውኑ እንመልሳለን።»

አያትሽን አየኋቸው። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የተጠየቅሁት። መቃብሩ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ነፍጌያቸዋለሁ፤ አሁን ልሰጣቸው እችላለሁ። አፌ ድረስ መጣ። ግን እሱን ብል ጥፋተኛዋ መልሰሽ አንቺ ትሆኛለሽ፤ «በማያገባት የገባች ልጅ» ተብለሽ። ሁለተኛ አልዋሽብሽም አልኩ።

«መጠየቋ ጥፋት አይደለም» አልኩ። «እናንተም የጠየቀቻችሁን ልጅ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥታችሁ ሸኝታችኋል። ስም ማስጻፌ ጥፋት ነው፤ የኔ ነው። መዋሸቴ ወንጀል ነው፤ እናንተም ፊት፣ አላህም ፊት። የምናዘዘው ይሄን ነው። ጥያቄውን አልናዘዝም።»

ሜዳው ታመሰ። ግማሹ ቆሟል። «ኩራቷን እዩ!» «ሽማግሌውን ልታስቀራቸው ነው!» ወላሂ ዓፊያ፣ እንደገና በኔ ግትርነት አያትሽን አጠፋኋቸው ብዬ አሰብኩ።

የተነሳው ኸይረዲን ነው። የሟቹ ቤተሰቦች ተቀምጠው እያዩት፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ። «አባቴ ያደረገውን ያወቅሁት ሲሞት ነው። ለልጄ አልነገርኩትም። አሁን በየቀኑ ይጠይቀኛል። ‹ሰውዬው ልጆች ነበሩት ወይ? ዛሬ ማን ናቸው? ሰላም ብላቸው ይጠሉኛል ወይ?› የምመልሰው የለኝም።» ወደኔ ዞረ። «አንቺን አላመሰግንሽም። ይቅርም አልልሽ። ግን እኚህ ሽማግሌ ሚስታቸውን ብቻቸውን ሲቀብሩ ቆሜ አይቻለሁ። የተሸሸገው የኔ አባት ስም ነው፤ እሳቸውን የሚያስወጣው መሐላ ለኔ ተብሎ ከሆነ፣ በኔ በኩል ይብቃ።»

ተቀመጠ። ከሟቹ ወገን አንድ ጎልማሳ ተነሳና፣ «በኛም» አለ።

አያትሽ ተመለሱ። በኔ ላይ ደግሞ ተፈረደ፤ ከሁለቱም ቅሬ አንድም ቤት ለጥያቄ ተብሎ በኔ ስም የመጣ ልጅ አያስገባም፤ ውሸቴንም ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ሁለተኛውን ትናንት ፈጸምኩ። ሦስት ገጽ ነው። ከኑዛዜዬ ጋር ርዕሰ መምህሩ የፈረሙበትን እቅድ አያይዤዋለሁ፤ የኔ ዋሾነት እሳቸውን እውነተኛ አያደርጋቸውም። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ካባረሩኝም ሌላ ቦታ አስተምራለሁ፤ ልጆች እንዲጠይቁም አደርጋለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ከአራቱ ቃላት በፊት፣ የነገራችሁ ሰው ምን እንዳትጽፉ እንደለመናችሁ ንገሩኝ እላለሁ። ይህን ለመማር የአንቺን ቤት አፍርሼ ነው፤ ዋጋው ልክ ነው ብዬ ግን አንድም ቀን አልናገርም።

አሁን መጨረሻው።

ሸንጎው ሲበተን መንገድ ዳር ባጃጅ እየጠበቅሁ አያትሽ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ሰላምታም አልሰጡኝም።

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ሰኞ ነበር አባባ፤ ከሰዓት።»

«እኔ የነገርኳት እሁድ ነው» አሉ። «አላቆየችውም። ምን ብላ ነገረችሽ?»

ነገርኳቸው። ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ሦስተኛ ጊዜ፣ «‹ላንቺ ነው እንጂ ለወረቀት አይደለም› አለች? እንደዚያ ብላ?» አሉ።

«እንደዚያ ብላ።»

«እንዳልኩት ነው ያደረሰችው።» ባጃጁ መጥቶ ቆመ፤ አልገባሁም። «ሰባት ወር አላናገርኳት» አሉ። «ዙቤይዳ ‹ልጅቷን አናግራት፣ ልጅቷን አናግራት› እንዳለችኝ ነው የሞተችው። ቃሌን ሸጠችው ብዬ ነበር።»

ከዚያ ረቡዕ ጠዋት ጨፋ ሮቢት እንደሚመጡ ነገሩኝ። የሰኔውን ፈተና መግቢያ ካርድሽን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ኪሳቸው ከተቱት። ፈተናው ግን ሰበብ ነው። ሲሰናበቱኝ የጠየቁኝን ልንገርሽ። ሰባ አራት ዓመት የኖሩ፣ ስንት ጠብ ያስታረቁ ሰው፣ «መምህር፣ አንቺ ተምረሻል። ሳገኛት ምን ብዬ ልጀምር?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን ላንቺ አምጥቻለሁ።

ስለዚህ ዓፊያ፣ ለኔ መልስ አትጻፊ፤ ይቅርታም አልጠይቅሽም፤ የምትሰጪኝ ጊዜ ካለ አንቺ ታውቂዋለሽ። ረቡዕ ጠዋት ግን ከአክስትሽ በር ውጭ የሚቆም ሽማግሌ ይኖራል። ለማንኳኳት መብት ያላቸው አይመስላቸውም፤ ብዙ ሊቆሙ ይችላሉ። በሩን ክፈቺ። ምን ብለው እንደሚጀምሩ አያውቁምና አንቺ ጀምሪላቸው።

ኡምኩልሱም
ከሚሴ፣ ግንቦት ማብቂያ